«ልጅሽን ፎርሙ ላይ አትጥቀሻት» ለተባለች እናት

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪ ወደ አሜሪካ የገባሁት በፈረንጆች 2017 ነው። ዲቪውን የሞላልኝ ደሴ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ይሠራ የነበረ የሰፈራችን ልጅ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ያለፋት ሴት ልጅ ነበረችኝ። አባቷ አብሮን አልነበረም። «ልጅ ያላት ሴት ቪዛ አይሰጧትም» ስለተባልኩ ልጅ የለኝም ብዬ አስሞላሁ። አዲስ አበባ ኤምባሲ ስቀርብም «ልጅ አለሽ?» ስባል «የለኝም» አልኩ። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ እስከ ዛሬ ይዤው ኖርኩ። ልጄ እናቴ ዘንድ አድጋ አሁን ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች። እዚህ ደግሞ አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለኝ፤ ከአባቱ ጋር ተለያይተናል። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው።

ዜግነት የምፈልገው ከሁሉ በላይ ልጄን ለማምጣት ነው። አንድ የታክስና የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሰው 400 ዶላር ተቀብሎ የዜግነት ፎርሙን ሞላልኝ። ስለ ልጄ ስነግረው «ዲቪው ላይ ካልጠቀስሻት እዚህም አትጥቀሻት፤ ዜግነትሽን ካገኘሽ በኋላ ታመጫታለሽ» አለኝ። ጠበቃ ላማክር ወይ ብለው «ጠበቃ ገንዘብሽን ይበላል እንጂ ከዚህ የተለየ አይሠራልሽም» አለ። ፈርሜ እንድመልስለት ወረቀቱን ሰጥቶኛል። ልቤ ግን አልቆረጠም። ምን ላድርግ? የጠበቃስ ከየት ላምጣ? ደግሞስ የአሜሪካ ዜጋ ስሆን ኢትዮጵያዊነቴ ይቀራል?

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ አትፈርሚ። ሌላው ሁሉ ይቆየንና በመጀመሪያ ይህን ያዢ። ያ ሰው የሞላው ፎርም አንቺ እስካልፈረምሽበት ድረስ ወረቀት ነው። ከፈረምሽበት በኋላ ግን «የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ከሆነ በሕግ ልጠየቅ» ብለሽ ለአሜሪካ መንግሥት የሰጠሽው ቃል ይሆናል። የሞላው እሱ ነው ብትዪ የሚሰማሽ የለም። ከተቻለ በዚህ ሳምንት ሄደሽ ያስረከብሽውን ማስረጃ ሁሉ፣ በተለይ የግሪን ካርድሽንና የፓስፖርትሽን ቅጂ ተቀበዪው። በኢንተርኔት በስምሽ የከፈተው አካውንት ካለም የይለፍ ቃሉን ተቀብለሽ ወዲያው ቀይሪው፤ ሳትፈርሚ ሌላ ሰው ቁልፉን ተጭኖ እንዳይልከው። ስለ 400 ዶላሩ አትጨቃጨቂ፤ ያ ኋላ ይደረስበታል።

ልብሽ አለመቁረጡ ትክክል ነበር። ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርሽ።

ኤን-400 የሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ያለፉት አምስት ዓመታት መኖሪያና ሥራ፣ ከአገር የወጣሽባቸው ቀናት፣ ከዚያም «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው ብዙ ጥያቄዎች። ነገር ግን 18 ዓመት ያልሞላቸውን ልጆችሽን ሁሉ የምትዘረዝሪበት ክፍል አለው፤ እዚህ መኖርና እዚያ መኖር ለውጥ የለውም። ከጥያቄዎቹም መካከል ለአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣን በማንኛውም ጊዜ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መረጃ ሰጥተሽ እንደሆነ በግልጽ የሚጠይቅ አለ። ቃለ መጠይቁ ቀን ባለሥልጣኑ ቀኝ እጅሽን አስነስቶ ያስምልሻል። ከዚያ የሞላሽውን ፎርም ከፊቱ አድርጎ እያንዳንዱን ነገር እንደገና ይጠይቅሻል፤ ስምሽን፣ ልጆችሽን፣ ጉዞሽን። በመጨረሻም እንደገና ትፈርሚያለሽ። ስለዚህ አንዷ ዝምታ በፎርሙ ላይ አንድ ጊዜ፣ በመሐላ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ የምትነገር ውሸት ትሆናለች።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ የዜግነት ማመልከቻ ሲገባ የሚመረመረው ያለፈው አምስት ዓመት ብቻ አይደለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ግሪን ካርዱ በሕግ አግባብ ተገኝቷል ወይ የሚለውም ይመረመራል። የዲቪ ማመልከቻሽ፣ ለቪዛው የሞላሽው ፎርምና ኤምባሲው የያዘው ሰነድ በአንድ ቁጥር የተያያዘ መዝገብ አለው። ያንን መዝገብ የሚያስከፍተው ደግሞ ራስሽ የምታስገቢው ማመልከቻ ነው።

አሁን ወደዚያ ሰው ምክር እንመለስ። «ዜግነትሽን ካገኘሽ በኋላ ታመጫታለሽ» ብሎሻል። እሺ፣ አግኝተሻል እንበል። ልጅሽን ለማምጣት የቤተሰብ ማመልከቻ ታስገቢያለሽ። ከማመልከቻው ጋር የልደት ምስክር ወረቀቷን ታያይዣለሽ። ወረቀቱ ላይ የተወለደችበት ዓመት በግልጽ ተጽፏል። ዲቪ ስትሞዪ ልጅ እንደሌለሽ ተናግረሻል፤ ኤምባሲ ቀርበሽ ደግመሽዋል፤ ዜግነት ስትጠይቂ ሦስተኛ ጊዜ ደግመሽዋል። ሦስቱንም የሚያፈርሰውን ማስረጃ የምታቀርቢው በገዛ እጅሽ ነው፤ ልጅሽ ለቪዛ የምትቀርበውም አንቺ «የለኝም» ባልሽበት በዚያው በአዲስ አበባው ኤምባሲ ነው። ምክሩ ልጅሽን ለማምጣት የተሰጠ ቢሆንም ልጅሽን የማምጫውን በር የሚዘጋው ራሱ ምክሩ ነው። ይህን አለማየቱ ነው ከሁሉ በላይ ያናደደኝ።

በውሸት የተገኘ ዜግነት ጊዜ ስላለፈበት ብቻ አይጸናም። መንግሥት በፍትሐ ብሔር ክስ ዜግነት ለመሰረዝ ሲነሣ የሚያግደው የይርጋ ጊዜ የለም። የእኛ ሰው የሚያውቀው ጉዳይ የቀልቤሳ ነገዎ ነው፦ በቀይ ሽብር ዘመን የፈጸመውን ደብቆ በፈረንጆች 1995 ዜግነት አገኘ፣ በ2004 ተሰረዘበት፣ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። ያንቺን ነገር ከእሱ ወንጀል ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጤ አይደለም፤ እግዜር ያውቃል፣ ርቀታቸው የሰማይና የምድር ነው። የጠቀስኩት የዓመታቱን ልዩነት እንድታይ ብቻ ነው። ዜግነቱን ካገኘ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ እንኳ መዝገቡ አልተዘጋም ነበር።

እንግዲህ ደስ የማይለውን ሌላውን ግማሽ ልንገርሽ። «ታዲያ እውነቱን ጽፌ ላስገባው» ብትዪ፣ ያም ለብቻው ደኅና መንገድ አይደለም። በዲቪ ሕግ ማመልከቻው በተሞላበት ጊዜ የነበሩ፣ ያላገቡና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ሁሉ መጠቀስ አለባቸው፤ አለመጥቀስ ቪዛውን ያስከለክላል። ስለዚህ እውነቱ ሲወጣ ባለሥልጣኑ ግሪን ካርዱ መጀመሪያውኑ አይገባትም ነበር ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ዜግነትን ከመከልከል አልፎ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት እንድትቀርቢ መጥሪያ ሊያስከትል ይችላል። እዚያ ፍርድ ቤት ደግሞ መንግሥት ጠበቃ አያቆምልሽም።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ አትዋሺ፤ ጠበቃ መዝገብሽን ሳያነብ ደግሞ ምንም አታስገቢ። ዜግነት መጠየቅ ግዴታ አይደለም። ግሪን ካርድሽ አለ፤ ሥራሽን ትሠሪያለሽ፤ ልጅሽን ታሳድጊያለሽ። የምትጠብቂው ወር፣ ሁለት ወር፣ ዓመትም ቢሆን ያለሽን አይነጥቅሽም። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። በ2017 የተሰጠ የአሥር ዓመት ካርድ በ2027 ያበቃል፤ እሱም ሲታደስ ማመልከቻ ነው፤ ስለዚህ ጠበቃዋን በመጀመሪያው ቀን ይህንንም ንገሪያት። እስከዚያ ድረስም ከአሜሪካ አትውጪ። ልጅሽን ለማየት አንጀትሽ እንደሚንሰፈሰፍ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስትመለሺ አየር ማረፊያ ላይ የሚጠይቁሽን ጥያቄ ሳትመካከሪ ልትመልሺ አይገባም።

ጠበቃ ምን የተለየ ነገር ይሠራል ብሏል ያ ሰው። ልዘርዝርለት። በመጀመሪያ፣ የሚያስታውሱትን ሳይሆን መዝገቡን ያነባል። ስለ አንቺ መንግሥት የያዘውን ሰነድ ቅጂ በመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት በኢንተርኔት መጠየቅ ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይከፈልበትም። ኢንተርኔት ቤት የነበረው ልጅ በትክክል ምን ጻፈ? ለቪዛው የተሞላው ሁለተኛው ፎርም ምን ይላል? ኤምባሲ ውስጥ ጥያቄው የቀረበው በምን ቋንቋ ነበር? አንቺ «የለኝም» ያልሽው መልስስ ተጽፏል ወይ? እነዚህ ለእኔና ለአንቺ ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ፤ ለሕግ ባለሙያ ግን ጉዳዩ የሚቆምባቸው ናቸው።

ሁለተኛ፣ እዚህ የተወለደው ወንድ ልጅሽ አለ። ያ ሰው ስለ እሱ አንድም ነገር አልጠየቀሽም፤ ቢጠይቅሽ ደብዳቤሽ ላይ ትጽፊው ነበር ብዬ እገምታለሁ። የኢሚግሬሽን ሕግ ቪዛ ሲወስዱ ሐሰት ለተናገሩ አንዳንድ ሰዎች የይቅርታ በር ትቶላቸዋል። ለዚያ ብቁ ለመሆን ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅ ወይም ልጅ መኖሩ ነው። ልጅሽ እዚህ ስለተወለደ ዜጋ ነው። ይቅርታው የሚሰጠው በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ብቻ ነው፤ ዳኛውም መብት ነውና ልስጥሽ አይልም፣ ኑሮሽን ሁሉ መዝኖ ይወስናል። ስለዚህ ይህ በር ለአንቺ ይከፈታል ብዬ ተስፋ አልሸጥልሽም። በሩ መኖሩን የማያውቅ ሰው ግን በሕይወትሽ ላይ መወሰን የለበትም።

ሦስተኛው ነገር ምስጢር ነው። ለጠበቃ የነገርሽው በሕግ የተጠበቀ ነው። ለታክስ ሠራተኛ የነገርሽው ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ የለውም፤ ነገ ተጠይቆ ቢመሰክር የሚከለክለው የለም። ከእንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ ለእሱ አንድም ቃል አትጨምሪ። በቴሌግራምና በዋትስአፕም አትጻጻፊበት።

ስለዚያ ሰው ክፉ ነው አልልም። ይህን ልማድ ከአገራችን ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈውን ራፖር ጸሐፊ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጉዳያችንን እንነግረዋለን፣ እሱ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ያውቃል፣ ከፍለን እንሄዳለን። እዚህም አማርኛ የሚናገር፣ ታክሳችንን የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ የማይዘጋ ሰው ስናገኝ ያንኑ እምነት እንሰጠዋለን። የአሜሪካ ሕግ ግን ድንበር አበጅቶለታል። የነገርሽውን መጻፍ፣ መተርጎም ይችላል። የትኛውን መልስ ብትመርጪ እንደሚሻልሽ ሊነግርሽ ግን አይችልም፤ «አትጥቀሻት» ባለ ጊዜ ያለ ፈቃድ የጠበቃ ሥራ መሥራቱ ነው። ፎርሙ እቤትሽ ካለ የመጨረሻዎቹን ገጾች ተመልከቺ። ፎርሙን ለሌላ ሰው ያዘጋጀ ሰው ስሙን፣ አድራሻውንና ፊርማውን የሚያሰፍርበት ቦታ አለ። እሱን ባዶ ትቶት ከሆነ ለምን እንደተወው ራስሽን ጠይቂ።

የሕግ ምክር መስጠት የሚችሉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በአሜሪካ ከሚገኙ ግዛቶች በአንዱ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የግድ የሜሪላንድ ፈቃድ መሆን የለበትም፤ ነገር ግን ፈቃዱ ሕያው መሆኑን ፈቃድ የሰጠው ግዛት መዝገብ ላይ በስሙ ፈልጎ ማረጋገጥ ይቻላል። በአዲስ አበባ የተከበረ ጠበቃ የነበረ ሰው እዚህ ፈቃድ ካላወጣ ምክሩ የወዳጅ ምክር ነው። ኖተሪ የሚል ማኅተም መያዝም ምንም ሥልጣን አይሰጥም። ሁለተኛው ጠበቃ ሳይሆን በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና ባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ሚኒስቴሩ በስሙ ፈቃድ የሰጠው ተወካይ ነው። የድርጅቶቹም የተወካዮቹም ዝርዝር በየግዛቱ ተለይቶ በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ከተወካዮቹ ገሚሶቹ በኢሚግሬሽን ቢሮ ፊት ብቻ፣ ገሚሶቹ ደግሞ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጭምር መቆም ይችላሉ። ያንቺ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሊደርስ ስለሚችል ሁለተኛውን ዓይነት ወይም ጠበቃ ፈልጊ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በጎ አድራጎት ድርጅቶቹ ገቢሽን አይተው በነጻ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ ይሠራሉ። በአንቺ አካባቢ የካቶሊክ ቻሪቲስ የኢሚግሬሽን ሕግ አገልግሎት አለ፤ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ስደተኞችን የሚረዳው አዩዳም አለ። ተራው ሊረዝም ይችላልና ለሁለቱም ደውዪ፤ አንዱን ብቻ አትጠብቂ። በየቤተ መጻሕፍቱና በየማኅበረሰብ ማዕከሉ የሚደረጉ የነጻ ዜግነት ማመልከቻ ቀኖችም አሉ፤ እነሱ ግን የሚቀበሉት ውስብስብነት የሌለበትን ጉዳይ ነው። ብትሄጂና «ያንቺን እኛ አንሠራም» ቢሉሽ አልረባም ማለት አይደለም፤ ጠበቃ ያስፈልግሻል ማለታቸው ነው። ተራው አልደርስ ካለሽ ለግል ጠበቃ የአንድ ሰዓት ምክር ብቻ መክፈል ትችያለሽ። ሙሉ ጉዳዩን አሁኑኑ እንድትይዝልሽ መቅጠር የለብሽም። ለዚያ ሰው የሰጠሽው 400 ዶላር በብዙ ቦታ እንዲህ ያለውን ምክር ይሸፍን ነበር፤ ይህን የምለው እንድትቆጪ ሳይሆን ጠበቃ የሚባለው ነገር ያን ያህል የራቀ እንዳይመስልሽ ነው።

ቀጠሮ ስትይዢ በስልክ ጠይቂ፦ የመጀመሪያው ምክር ስንት ነው? በዲቪ የመጡ፣ ልጅ ያልጠቀሱ ሰዎችን ጉዳይ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ? አስተርጓሚ አላችሁ? አስተርጓሚ ከሌላቸው ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከዕድር የምታውቂውን ሰው አትውሰጂ፤ በአደባባይ የማትናገሪውን ነገር ነው የምትናገሪው። የስልክ አስተርጓሚ እንዲያዘጋጁልሽ ለምኚ። ጉዳዩን ከያዙልሽ ክፍያው፣ የሚሠሩት ሥራና የማይሠሩት በውል ይጻፍ። ወካይ መሆናቸውን ለመንግሥት የሚያሳውቁበት ጂ-28 የሚባል ፎርም አለ፤ «ስሜን አላስገባም፣ አንቺ ራስሽ እንዳስገባሽው ይሁን» የሚል ጠበቃ ካጋጠመሽ ተነሥተሽ ውጪ። «መቶ በመቶ ይሳካል» ከሚልም ሽሺ። ዋና ሰነድ አትስጪ፤ ቅጂ ይበቃቸዋል።

እንደ እኔ ግምት በጣም የሚከብድሽ ጠበቃዋ ፊት ተቀምጠሽ ነገሩን ማውጣቱ ነው። እስከ ዛሬ ለሰው ያልተነገረ ነገር ምላስ ላይ ይከብዳል። ግን ግማሹን ነግረሽ ግማሹን ብታስቀሪ ምክሯ ለሌላ ሰው የተሰጠ ምክር ይሆናል። ዲቪውን ማን ሞላው፣ ምን አልሽው፣ ኤምባሲ ምን ተባልሽ፣ ሁሉንም እንደ አመጣጡ ንገሪያት። እሷ አንቺን ለመፍረድ አልተቀመጠችም። ደግሞም እህቴ፣ ያኔ ፈርተሽ ነበር፤ ከየአቅጣጫው የተሳሳተ ወሬ ይነገርሽ ነበር። ልጅ ያላት ሴት ቪዛ አታገኝም የሚለው ፍጹም ውሸት ነበር፤ ልጅሽን ብትጠቅሻት ኖሮ አብራሽ ልትመጣ ትችል ነበር። ዲቪ የሚሞሉ ሰዎች ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ሁሉ አስገቡ፣ አባት ቢኖርም ባይኖርም፣ ልጁ አብሮ የሚሄድ ቢሆንም ባይሆንም።

የዜግነት ማመልከቻው ክፍያ ለአንቺ ገና ነው፤ ግን ባጭሩ ልንገርሽ፦ በኢንተርኔት ሲገባ 710፣ በወረቀት ሲላክ 760 ዶላር ነው። የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ አራት እጥፍ የማይበልጥ ሰው 380 ይከፍላል፤ እንደ አንቺና ልጅሽ ሁለት ሰው ባለበት ቤት ይህ ጣሪያ ከ80 ሺህ ዶላር ስለሚያልፍ ብዙ የእኛ ሰዎች ይገባቸዋል። ገቢው ከመለኪያው አንድ ከግማሽ እጥፍ የማይበልጥ፣ ወይም በገቢ ማነስ የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ሰው ከነአካቴው ነጻ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል። ቅናሹንም ነጻውንም የሚጠይቅ በወረቀት ነው የሚልከው። ያ ሰው ስለነዚህ ነግሮሽ ነበር?

በዚህ አጋጣሚ ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን አንብበው በከንቱ እንዳይደነግጡ። ብዙ ሰው ለዜግነት ጠበቃ አያስፈልገውም። በግሪን ካርድ አምስት ዓመት የኖረ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 30 ወር እዚሁ አገር የነበረ፣ ከስድስት ወር ያለፈ ጉዞ ያላደረገ፣ ግብሩን የከፈለ፣ ፖሊስ ይዞት የማያውቅ፣ ወረቀቱ ሁሉ አንድ ዓይነት የሚናገር ሰው ራሱ ሊሞላው ይችላል። አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረውም ማስገባት ይቻላል። ጠበቃ የሚያስፈልገው እናቱን ሊያስታምም ሄዶ ሰባትና ስምንት ወር ለቆየ፣ ለታሰረ (ክሱ ቢዘጋም)፣ ጥገኝነት ካገኘ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ለተመላለሰ፣ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሳያስበው ለምርጫ ለተመዘገበ፣ በዲቪ ጊዜ የወረቀት ጋብቻ ለፈጸመ፣ ስሙ ወይም የልደት ቀኑ ከሰነድ ሰነድ ለሚለያይ ሰው ነው። የመጨረሻው በእኛ ዘንድ ብዙ ነው፤ የአያት ስም አንዱ ላይ ይኖራል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል፤ የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ እንደ ፈረንጅ ይነበባል። ብዙውን ጊዜ ይህ በማብራሪያና በማስረጃ የሚስተካከል ነው። ቀድሞ መናገር ግን ያስፈልጋል።

ፈተናውም ተለውጧል። ከጥቅምት 20 ቀን 2025 (በፈረንጆች) ጀምሮ ያመለከተ ሰው የሚያጠናው 128 ጥያቄ ነው፤ ከዚያ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ደግሞ ይህን ንገሩልኝ፦ 50 ዓመት የሞላውና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 የሞላውና 15 ዓመት የኖረ ሰው እንግሊዝኛ ሳይፈተን የዜግነት ጥያቄዎቹን በአማርኛ ይመልሳል። 65 የሞላውና 20 ዓመት የኖረ ደግሞ የሚያጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያዊነትሽን ጠይቀሻል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት ያጣል። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ደግሞ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ይሰጣል፤ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው እሱን ነው። በዚያ ያለ ቪዛ መግባት፣ መኖርና መሥራት ይቻላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይቻልም። ይህ ውሳኔ ለአንቺ ዛሬ የሚመጣ አይደለም።

ስለ ልጅሽ አንድ ሥራ ግን ከዛሬ ጀምሮ ልትሠሪ ትችያለሽ። እናትሽ የልደት ምስክር ወረቀቷን ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ያውጡ፤ ስሟ፣ ያንቺ ስምና የአባቷ ስም ሆሄው ሳይቀር ከፓስፖርትሽ ጋር መመሳሰሉን አይተሽ አረጋግጪ። የክትባት ካርዷ፣ የትምህርት ቤት ሪፖርቷ፣ ካላችሁም አብራችሁ የተነሣችሁት ፎቶ ይሰብሰብ። አንቺ ደግሞ በየወሩ የላክሽውን ገንዘብ ደረሰኝ ከባንክም ሆነ ከላኪው ድርጅት አውጪ። ለቀለቧና ለትምህርቷ ስትልኪ የኖርሽ እናት መሆንሽን የሚያሳይ ወረቀት ጉዳይሽ ዳኛ ፊት ከቀረበ ትልቅ ዋጋ አለው።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ግሪን ካርድሽን፣ ያለሽን ፓስፖርት ሁሉ (ያለፈበትንም ጭምር)፣ የወንድ ልጅሽን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የታክስ ወረቀትና ያ ሰው የሞላውን ያልተፈረመ ፎርም ይዘሽ ሂጂ። ፎርሙን አትቅደጂው። ጠበቃዋ ማን ምን እንደመከረሽ ማየት ትፈልጋለች፤ የ400 ዶላሩንም ነገር የምታነሺላት ያን ጊዜ ነው። ቀጠሮውን ካገኘሽ በኋላ እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልኝ።